ስለ ክረምት ሽቶ

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር፥ ዝናቡ ለጊዜው አባርቶልኝ ከቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፥ በሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ከሚሸጡት ሱቆች በአንዱ ተቀጥሮ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ መጣና፥ «ጋሼ፥ እስቲ ይችን ያንብቡልኝ» ብሎ ስልኩን ዘረጋልኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲሆን፥ ለክረምት የሚስማማ ሽቶ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያስተምር ነበር። በብርድ ወራት ቀላሉን የአበባና የሎሚ ጠረን ትቶ፥ ከባዱን፥ ይኸውም የዓምበርን፥ የቫኒላን፥ የቀረፋን፥ የእንጨትንና የጢስን ሽታ መቀባት ይገባል ይላል። ልጁ ይህን ካስተረጎመኝ በኋላ፥ ከወር ደመወዙ እኩሌታ የሚሆነውን ገንዘብ ለአንዲት ትንሽ ጠርሙስ ሊከፍል መቁረጡን ነገረኝ።

በዚያች ሰዓት የመለስሁለት መልስ አጭርና የማይረባ ነበር። ስለዚህ እርሱን ለመሰሉት ወጣቶች ሁሉ ሙሉውን ዛሬ እጽፋለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ ከቃል ስሕተት ይነሣል። «ዊንተር» የሚለውን ቃል ክረምት ብለን እንፈታዋለን፤ እኔም ራሴ ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ብዬ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን የፈረንጅ ዊንተር የታኅሣሥና የጥር ብርድ ነው፤ ያን ጊዜ እኛ ዘንድ በጋ ነው፥ ሌሊቱ ቢበርድም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ሲሆን፥ እነርሱ በዚያው ወራት ፀሐይ ይሞቃሉ። እንግዲህ ያ ምክር የተጻፈው ቤቱ በማሞቂያ ለሚሞቅለት፥ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሶ በሰፊ ጎዳና ለሚሄድ ሰው ነው። በሽሮ ሜዳ ግን ክረምት ማለት ከእንጦጦ የሚወርድ ጉም፥ ጭቃ፥ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅ ሸሚዝና መስኮቱ ሁሉ የተዘጋ ታክሲ ማለት ነው።

ስለ ታክሲው ጥቂት ልናገር። ሰው የራሱን ሽቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አያሸተውም፤ አፍንጫ ይለምዳልና። ብርድ ደግሞ ሽቶው ከቆዳ ላይ ቶሎ እንዳይተን ያደርገዋል። ስለዚህ ባለ ሽቶው የጠፋበት መስሎት ይጨምራል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ግን ሁሉንም ይቀበላል። ወደ ስድስት ኪሎ ስንወርድ፥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት «መስኮቱን ክፈቱልኝ» ስትል፥ ከኋላ ያሉት «ዝናቡ ይገባል፥ ዝጉት» እያሉ ሲሟገቱ፥ ሽቶውን ያፈሰሰው ጎልማሳ ነገሩ የማይመለከተው መስሎ ወደ ውጭ ያይ ነበር። በሰው ሳንባ ውስጥ ያለ ፈቃድ መግባት ጌጥ ነው የሚል ካለ፥ እኔ አልስማማም።

የረጠበ ልብስስ? የሻጋታ ሽታ የሚመጣው ሳይደርቅ በቆየ ጨርቅ ላይ ከሚራቡ ረቂቃን ነፍሳት ነው። ሽቶ ይህን አያጠፋውም፤ ሁለቱ ተደባልቀው ሦስተኛ ሽታ ይወልዳሉ። ደኅና አድርጎ ማጠብ፥ በካውያ ማድረቅ፥ ከዚያም በንጹሕ ቆዳ ላይ አንዲት ጠብታ ይበቃል። በነጭ ሸማ ላይ ግን አትርጩ፤ ዘይቱ ቢጫ ምልክት ይተዋል፥ ሸማኔውም ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ የደከመበትን ታበላሻላችሁ። ልብሱን በከሰል ለማድረቅ ቤቱን ዘግቶ የሚተኛም አለ፤ ይህን ፈጽሞ አታድርጉ፥ የከሰሉ መርዝ ሽታ የለውም፥ ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስነግረው ራሱን አቀርቅሮ ሰማኝና፥ «ጋሼ፥ እኔ እኮ የምፈልገው ጢሱ እንዳይሸተኝ ነው» አለኝ። እናቱ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት፤ የምታነደውም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው። ልጁ በዚያ ጢስ ያደገ፥ በዚያ ጢስ የተማረ ነው። በሱቁ ውስጥ አንዲት ገበያተኛ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍናበት ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን በደል ልናገር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር፥ ጠዋት ጠዋት ጥፍራችንና አንገታችን ይመረመር ነበር፤ ለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። መምህር ከሆንሁ በኋላ ግን ምርመራውን ይዤ ርኅራኄውን ረስቼው ኖሯል። በአንድ የሰኔ ጠዋት፥ እናቱ ከእንጦጦ እንጨት የምትሸከም አንድ ተማሪ፥ ረጥቦ ጢስ ጢስ እየሸተተ ሲገባ፥ «አንተ፥ ከምድጃ ውስጥ ነው የምታድረው?» አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ልጁ ዳግመኛ አልመጣም። ገላው ንጹሕ ነበር፤ በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ እንደ መጣ ከጆሮው ጀርባ የቀረው ሳሙና ይመሰክር ነበር። እኔ የቀጣሁት ቆሻሻን አልነበረም፤ ድህነትን ነበር።

ስለዚህ ጠቤ ከሽቶ ጋር አይደለም። ማርያም በጌታ እግር ላይ ያፈሰሰችው ናርዶስ ሦስት መቶ ዲናር የሚያወጣ ነበር፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ መሆኑን ብናስብ ወደ አንድ ዓመት ድካም ይሆናል። በወጪውም ያጉረመረመው ይሁዳ ነው፤ እኔ ከእርሱ ጋር መቆጠር አልሻም። አያቶቻችንም አሪቲና ጠጅ ሳር፥ በቅቤም ውስጥ አደስ ያውቁ ነበር። ጠቤ ሰውን በጠረኑ ከሚመድበው አፍንጫና በሰው እፍረት ከሚነግደው ገበያ ጋር ነው።

የዚያን ገበያ አሠራር ተመልከቱ። ዝባድ ከጥርኝ ዕጢ የሚፋቅ፥ በቀንድ ታሽጎ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ሲላክ የኖረ ነው። ጥሬውን ያሸተተ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ እጅግ በጥቂቱ ሲበረዝ ግን ሽቶን ያጣፍጣል፥ ያቆየዋልም። የዋናውን ጠረን ውስጣዊ አሠራር በ1926 እ.ኤ.አ. የገለጠው፥ ኋላም በ1939 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሌዎፖልድ ሩዚችካ ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ ሽቶ ሠሪዎች በፋብሪካ የተሠራውን ይጠቀማሉ። (ጥርኙ ቀኑን ሁሉ በጠባብ ቀፎ ታስሮ ይኖር ስለ ነበረ፥ በዚህ ንግድ ልኮራ አልችልም።) እጣኑስ? በመተማና በትግራይ ቆላ ከሚበቅል ዛፍ እየተለቀመ ይሄዳል። የጢስ ጠረን ደግሞ ለክረምት የተመረጠ ነው ተብሎ በውድ ዋጋ በጠርሙስ ይሸጣል። እንግዲህ የእናቱን ጢስ ለመሸፈን የደመወዙን እኩሌታ ከፍሎ የሌላ አገር ጢስ ሊገዛ ነበር።

ይህን ብነግረው ሳቀ፥ ነገር ግን ጠርሙሱን ገዛው። በነሐሴ እናቱ የላከችልኝን እንጀራ ይዞልኝ ሲመጣ፥ ድምፁን ከመስማቴ በፊት ሽቶው ደረሰኝ። ምንም አልተናገርሁትም። መስኮቱን በጥቂቱ ከፈት አድርጌ፥ ሻይ እስኪፈላ እንዲቀመጥ ነገርሁት።