ስምህ የተንጠለጠለበት ተክል

ወዳጆቼ፣ እንዲሁም "ቲቸር" እያላችሁ እስከዚህ ድረስ የተከተላችሁኝ ልጆቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ያዙ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። እዚሁ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ጓሮው ውስጥ፣ እናቱ ከተከለችው ጎመን አጠገብ፣ ሦስት የቀለም ባልዲ ተደርድሯል። በየባልዲው አንድ አንድ ችግኝ። "ቲቸር፣ የመጀመሪያዬ ነው፤ ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ?" ይላል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ካናቢስ ነው።

ባዮሎጂ ሲያስተምር የኖረ ሰው አመሉ አይለቀውም። "ባልዲው ሥሩ ተበስቷል ወይ? ውሃ አብዝተህበታል" ብዬ መለስኩለት። የደነገጥኩት ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ልጁ ያለው ግሪን ካርድ ነው። በሚመጣው ዓመት ለዜግነት ሊያመለክት ነው።

ደወልኩለት። "ቲቸር፣ ተፈቅዷል እኮ! አራት ተክል ይቻላል።" ማን ነገረህ? ቲክቶክ ላይ አንድ አበሻ።

ይህን የምጽፈው ለዚያ አበሻና ለመሰሎቹ ነው። የምትናገሩት ውሸት አይደለም፤ ግማሽ እውነት ነው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

አዎ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ቨርጂኒያ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት እስከ አራት ተክል ማብቀል ይችላል። አራት የተባለው ለአንድ ቤት ነው፣ ለአንድ ሰው አይደለም። ቤት የተጋራችሁ ልጆች 16 እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ለአንድ ቤት ሁለት ትፈቅዳለች። ዲሲ ደግሞ ቤት ውስጥ እንጂ ጓሮ ላይ አትፈቅድም። ድልድይ በተሻገራችሁ ቁጥር ሕጉ ይለወጣል።

የቨርጂኒያው ሕግ ግን አንድ ግዴታ አለው። እያንዳንዱ ተክል ላይ መለያ መንጠልጠል አለበት። መለያው ላይ የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ቁጥር፣ ለግል ጥቅም የበቀለ መሆኑም ይጻፋል።

አሁን ሌላ ወረቀት አምጡ፤ ኤን-400፣ የዜግነት ማመልከቻው። እዚያ ላይ የተከለከለ ዕፅ አምርተህ፣ አብቅለህ፣ አከፋፍለህ ታውቃለህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ተክል ያለ ፌዴራል ፈቃድ ማብቀል በፌዴራል ሕግ ዛሬም ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱም በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ እንዲህ ያለው ድርጊት "መልካም ሥነ ምግባር" የሚባለውን መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። ፍርድ ቤት መቅረብ የግድ አይደለም፤ በገዛ አፍ ማመን ሊበቃ ይችላል። አንዱ መንግሥት ስምህን ጽፈህ ስቀል ይልሃል፣ ሌላው ሰቅለህ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅሃል።

"30 ግራም ድረስ ይታለፋል" የምትሉም አላችሁ። እሱ ለራሱ መጠቀሚያ አንድ ጊዜ ይዞ ለተገኘ ነው። ማብቀል ሌላ ነገር ነው።

"ጓሮዬን ማን ያየዋል?" ለሚለው ደግሞ በሙያዬ ልመልስ። ሜይ ላይ ደጅ የወጣ ችግኝ፣ ፀሐይና አፈር ካገኘ፣ ስድስት ጫማ አጥር ሊያልፍ ይችላል። ሕጉ ደግሞ ከመንገድ መታየት የለበትም ይላል። ቀኑ ማጠር ሲጀምር፣ ኦገስት ገደማ፣ ማበብ ይጀምራል። ሴፕቴምበር ላይ ሽታው አጥር አያግደውም፤ የኛን ሰፈር እርጥበት ስለምታውቁት ስለ ሻጋታው አላወራም። ይህ በድብቅ የሚያድግ ነገር አይደለም። ፎቶውም ስልክ ውስጥ ይቀመጣል። አገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን አላቸው።

"ያንተ ትውልድ ዕፅ ሲባል ይደነግጣል" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስብከት አይደለም። ፈረንጁ ጎረቤቴ ከቲማቲሙ ጎን አብቅሎ በአጥር ላይ ሰላም ይለኛል፤ ምንም አይነካውም። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት አፈር፣ ለአንዱ የጓሮ ጨዋታ፣ ለሌላው የመባረር ስጋት። ይህ ግፍ ነው፣ በግልጽ እላለሁ። ዜግነት ያለን ሰዎች ለተመራጮቻችን ደውለን እንጩህ። የ24 ዓመት ልጅ ግን በግሪን ካርዱ አይከራከርበትም።

እኛ ትልልቆቹስ? ማኅበር ላይ "የእገሌ ልጅ ተበላሸ" ብሎ ለመንሾካሾክ የሚቀድመን የለም። ስለ ወረቀቱ አስጠንቅቆት የሚያውቅ ግን ማነው? እኛ በነውር ዘጋንበት፣ እሱ ቲክቶክን ጠየቀ።

ትራክ የምትነዱ ልጆች፣ የናንተው ምርመራ የፌዴራል ነው፤ ስቴቱ ፈቀደ አልፈቀደ አይመለከተውም። በዚህ ልለፈው።

አንድ ነገር በደንብ ስሙኝ፤ ፎርሙ ላይ ዋሹ አላልኩም። ውሸቱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከዚህ በፊት ያበቀለ ካለ፣ ማመልከቻ ከመሙላቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። አስተርጓሚ ወይም ፎርም ሞዪ አላልኩም፣ ጠበቃ።

ልጁ ነቀለው ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ኮሜንት ላይም "እኔም እኮ ቲቸር..." ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ እሱም ይነበባል፣ እንዲህ ያለውን ካየሁ አጠፋዋለሁ።