5 ሚሊዮን ኮደር እንቆጥራለን፣ ኬብሉን የሠራውን ልጅ ግን ማን ይቁጠረው?

ባለፈው ቅዳሜ ቄራ አንድ የጥገና ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያየሁትን ካልጻፍኩ አይወጣልኝም። ሱቅ የምለው ለክብሩ ነው። የቆርቆሮ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በክር የተንጠለጠሉ ሪሞቶች፣ አንድ ካውያ፣ ክዳኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ። ጠጋኙ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ካዛንቺስ በ2017 መጀመሪያ ሲፈርስ በረንዳውን ይዞ ይሠራበት የነበረው ቤት አብሮ ፈረሰና ወደዚህ መጣ። ደንበኞቹ የት እንደተበተኑ አያውቅም፤ ከዜሮ ነው የጀመረው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ በሻንጣ የላከችላቸውን ሪሞት ይዘው መጡ። ብዙ ዕቃ በአንድ እጅ እንዲያዝ የተሠራ፣ ዩኒቨርሳል የሚባለው ነው። ቴሌቪዥኑን ያበራል፣ የዲሹን ሪሲቨር ግን አያውቀውም። የሪሲቨሩ የራሱ ሪሞት ደግሞ ከጠፋ ቆይቷል። ልጁ የባትሪውን ክዳን ከፈተና ባትሪው ሥር ያሉትን ስድስት ትንንሽ ፒኖች አሳያቸው። «እናቴ፣ ይሄ በር ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም» አላቸው። ከመሳቢያው አንድ ኬብል አወጣ። በአንድ ጫፉ የዩኤስቢ መሰኪያ ያለው ጥፍር የምታክል ቦርድ፣ በሌላው ጫፉ ከተጣለ ኮምፒውተር የተቆረጠ ሶኬት። ላፕቶፑ ላይ ሰካው፣ የሪሞቱን ማህደረ ትውስታ አነበበ፣ ከሌላ ደንበኛ ተመሳሳይ ሪሞት ላይ ቀድሞ ያስቀመጠውን የሪሲቨሩን ኮድ ጨመረበት፣ መልሶ ጻፈው። ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። እናቲቱ መርቀውት ሄዱ።

«ኬብሉን ከየት ገዛኸው?» አልኩት።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት። የሚሸጥ አላገኘሁም።»

«ትምህርትህስ?»

«ከአሥረኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።»

«ምን ተብለህ ነው የተመዘገብከው?»

ሳቀ። «ሪሞት ሻጭ።»

እንግዲህ ንዴቴ ከዚህ ይጀምራል።

በሐምሌ 2016 በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ድጋፍ «የ5 ሚሊዮን ኮደሮች» ኢኒሼቲቭ ተጀመረ። ኮርሱ በኢንተርኔት ነው፣ ነጻ ነው፣ ሲጨርሱ ምስክር ወረቀት አለው። የፕሮግራሚንግ መሠረታዊ ነገሮች፣ አንድሮይድ፣ ዳታ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ። እኔም ተመዝግቤ አንዱን ጨርሻለሁ፤ ክፉ አልናገረውም፤ የተማርኩት ነገር አለ። ችግሬ ከኮርሱ ጋር አይደለም። ችግሬ ከቆጠራው ጋር ነው። ቪዲዮ አይቼ ጥያቄ የመለስኩት እኔ «ኮደር» ተብዬ ተቆጠርኩ። ዝግ ዕቃ ከፍቶ፣ ቮልቴጅ ለክቶ፣ ማህደረ ትውስታ አንብቦ የጻፈው ልጅ ግን «ሪሞት ሻጭ» ነው። ይህ የቃል ስህተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ግን ሥልጠና፣ ብድር፣ ምትክ ቦታ፣ የመሥሪያ ሼድ ሲታደል የሚታየው ይኸው መዝገብ ላይ ያለው ስም ነው።

«ምን አላት ኬብሏ?» የሚል ይኖራል። ትንሽ ልዘርዝር፤ ማወቅ የፈለገ ያንብብ፣ ያልፈለገ አንድ አንቀጽ ይዝለል።

ሪሞት ቁልፉ ሲጫን በዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን እያበራ እያጠፋ ቁጥር ይልካል። ብርሃኑ የሚንቀጠቀጠው ብዙ ጊዜ በሰከንድ 38 ሺህ ያህል ነው። ኤንኢሲ በሚባለው በሰፊው በተለመደው አሠራር መጀመሪያ 9 ሚሊ ሰከንድ ይበራል፣ 4.5 ሚሊ ሰከንድ ያርፋል፣ ከዚያ 32 ቢት ይከተላል። ዩኒቨርሳል ሪሞት ማለት የብዙ ዕቃ ቁጥሮች አንድ ቺፕ ላይ የተከማቹበት ነው፤ ዕቃህ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አለቀልህ፣ በሩን የሚከፍት ካልተገኘ። አንዳንዶቹ ከእነዚያ ስድስት ፒኖች ጋር ነው የሚመጡት። ኬብሉ መሠረታዊ ነገሩ አራት ሽቦ ነው፤ የጋራ መሬት፣ የሚልክ፣ የሚቀበል፣ ሪሞቱን እንደ አዲስ የሚያስነሳ። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር ይሻገራል። ሁለት ነገር ግን ይገድላል። አንዱ የድሮ ኮምፒውተር ሲሪያል ወደብን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ እዚያ ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሪሞቱ አቅም ብዙ እጥፍ ነው። ሁለተኛው የዩኤስቢ ቦርዱን ከ5 ቮልት ወደ 3.3 ሳያዞሩ መሰካት ነው። ልጁ የመጀመሪያ ሪሞቱን ያቃጠለው በሁለተኛው ነው። የደንበኛ ነበር። ሌላ ገዝቶ ተካ። ከዚያ ወዲህ ሳይለካ አይሰካም፤ ቴስተሩ ሁልጊዜ ከኬብሉ ጎን ነው። ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛው ኦንላይን ኮርስ ይገኛል?

ደግሞ የቀላል ሰዎች ሥራ አይምሰላችሁ። ስቲቭ ዎዝኒያክ፣ አፕልን ከስቲቭ ጆብስ ጋር የመሠረተው ሰውዬ፣ ከአፕል ከወጣ በኋላ በ1987 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያወጣው ዕቃ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ፕሮግራም የሚደረግ ዩኒቨርሳል ሪሞት። እዚያ ፈጣሪ ያስባለው ሥራ እዚህ ቆርቋሪ ያስብላል።

እኛ አገር ይህ እውቀት አዲስም አይደለም። የድሮ ሪሲቨሮች ጀርባ ላይ ዘጠኝ ፒን ያለውን ወደብ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሶፍትዌሩ የተበላሸ ሪሲቨር በዚያ በኩል ነበር ነፍስ የሚዘራበት። የአገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት፣ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ሲዛወሩ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህን ያዞረው፣ ቤት ገብቶ ፍሪኩዌንሲ የሞላው፣ እምቢ ያለውን ሪሲቨር ተሸክሞ ወስዶ ሶፍትዌር የጫነው ይኸው የሰፈር ዲሽ ሠራተኛ ነው። በዚያው ወደብ የክፍያ ቻናል ሰብረው ሲሸጡ የነበሩም አሉ፤ እነሱን አልከላከልም። ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ ሰውም ይወጋል።

«አዲስ ሪሞት ርካሽ ነው፣ ምን ያደርጋል ይሄ ሁሉ ድካም» የሚሉኝን እሰማለሁ። ርካሽ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ጥቂት ሳምንታት ሳይሞሉ ከ100 አለፈ። ሪሞቱም፣ ቦርዱም፣ ካውያውም፣ እርሳሱም ከውጭ ነው የሚገባው። ዛሬ የሚጣል ዕቃ የለም፤ የሚጠግን ካለ። የቄራ ሰው ደግሞ ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት አያስፈልገውም። ከበሬው ሥጋው ብቻ አይደለም ገበያ ያለው፤ ቆዳውም፣ ቀንዱም፣ አጥንቱም ፈላጊ አለው። ዕቃ ሲሆን ነው «አውጥተህ ጣለው» የምንለው።

ከውጭ በሚመጣው ብቻ መንጠልጠል ምን ያህል እንደሚያሳፍር ደግሞ የዚሁ ኬብል ታሪክ ይናገራል። ብዙዎቹ የዩኤስቢ ቦርዶች የሚሠሩት የስኮትላንዱ ኤፍቲዲአይ በሚያመርተው ቺፕ ወይም በእሱ ግልባጭ ነው። በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የለቀቀው ድራይቨር ግልባጮቹን እየለየ መለያ ቁጥራቸውን ዜሮ አደረገው። ዓለም ላይ ስንት ሰው ጠዋት ተነስቶ ኬብሉ ሞቶ አገኘው። ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ተነሳ። ኩባንያው ንብረቱን መጠበቁ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የተቀጣው ግን ግልባጩን የሠራው ሳይሆን ሳያውቅ የገዛው ነው። የቄራው ልጅ ይህን ወሬ አልሰማም ነበር። ብቻ «ሲኤች340 የተጻፈበትን ነው የምገዛው፣ እሱ አያስቸግርም» አለኝ። ቻይና የሚሠራ ርካሽ ቺፕ ነው። ምክንያቱን ሳይነግሩት ልኩን በእጁ ደርሶበታል።

አውሮፓ ኅብረት በ2024 እ.ኤ.አ. የመጠገን መብት መመሪያ አጽድቋል፤ አምራቹ ጥገናን እንዳያደናቅፍ ያስገድዳል። እዚያ ሕግ የሚያወጡለትን ነገር እኛ በነጻ ይዘነዋል። ጠጋኝ በየሰፈሩ አለ፣ ፍላጎት አለ፣ ትዕግሥት አለ። የምናደርገው ግን በረንዳውን አፍርሰን «ሪሞት ሻጭ» ብለን መመዝገብ ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሙያ ብቃት ምዘናውን እነዚህ ልጆች ጠረጴዛ ድረስ ያምጡት። አሥረኛ ክፍል ያቆመ ልጅ በእንግሊዝኛ ፈተና ሳይሆን በካውያና በቴስተር ይመዘን። የኮደሮቹ ኢኒሼቲቭም ለሚያስመርቀው ሁሉ ባይሆን ለፈለገው አንድ የዩኤስቢ ቦርድና አራት ሽቦ ይስጥ፤ ሲበዛ የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ኮድ የጻፈ ሰው ኮዱ ስክሪን ላይ ሳይሆን ዕቃ ላይ ሲንቀሳቀስ ይይ። ክፍለ ከተማዎችም ለፈረሱ ቦታዎች ምትክ ሲያስቡ የበረንዳ ጠረጴዛን ቤት አይደለም ብለው አይዝለሉት፤ ቤት ባይሆንም የሰው ሥራ ነው።

ልጁን ስሰናበተው ሌላ ኬብል ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ አልኩት። እምቢ አለ። «ወንድሜ፣ ቁጭ በል፣ አንተ ትሠራዋለህ» ብሎ ካውያውን ሰጠኝ። አንዱን ሽቦ አሳስቼ መላኪያውን ከመላኪያው ጋር በየድኩት። ፈትቶ እንደገና አስበየደኝ።