የትዳር ማስረጃው ከቀበሌ ይጀምራል

በጋፋትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ጥር የሠርግ ወር ነው። ካህን የባረከው ወይም ሽማግሌ የመሰከረለት ትዳር በሕግም ጋብቻ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ባል ሚስቱን ለመውሰድ ‹‹አይ-130›› የተሰኘውን ቅጽ ሲያስገባ ግን ከሠርጉ ድምቀት ይልቅ የጋብቻ ምዝገባው ወረቀት ይጠየቃል። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጋብቻ በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ምዝገባውም ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ በቀበሌ ደረጃ ይካሄዳል።

ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በትርጉም ሥራው ላይ ነው። ጥር 13 ቀን 2009 ዓ.ም የተጋቡ ሰዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 2017 ነው የተጋቡት፤ ተርጓሚው በስምንት ፈንታ ሰባት ዓመት ከጨመረ ትዳሩ በአንድ ዓመት ይቀድማል። የአያት ስም በፓስፖርቱና በምስክር ወረቀቱ ላይ በተለያየ ፊደል ሲጻፍም ጥያቄ ያስነሣል።

በእኛ ዘንድ ሚስት በባሏ ስም አትጠራም። ስለዚህ የትዳሩን እውነተኛነት የጋራ ፎቶግራፍ፣ የገንዘብ መላኪያ ደረሰኝና የስልክ ግንኙነት መዝገብ ያስረዱታል። ቀድሞ አግብቶ በሽማግሌ ፊት ብቻ የተለያየ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ ካልያዘ የፊተኛው ትዳር መፍረሱን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም።

‹‹ወረቀቱን እኔ አበጀዋለሁ›› የሚለው ደላላ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ጋብቻው ለቪዛ ሲባል የተፈጸመ የሐሰት ትዳር ነው ተብሎ ከተወሰነ፣ በኋላ በእውነተኛ ትዳር የሚቀርብ ማመልከቻም ተቀባይነት ያጣል።