ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ይህን የሳይንስ ጥያቄ ይዞ ለመጣ ልጅ ብዙ ወላጅ «በ100» ብሎ ይመልሳል። መልሱ በባሕር ጠረፍ ላይ ላለችው ምጽዋ ልክ ነው። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳልና። ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል ብሎ ማገዶ የሚፈጀውም አንድም በዚህ ነው። ትምህርት ቤት ያልገባች እናት እንኳ ይህን ከማጀቷ ታውቀዋለች።

ይህ እትም የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የሳይንስ ጥያቄዎችና የወላጆችን እገዛ ይመለከታል።

መልስ ማቀበል ልጅን አይጠቅምም። ባቄላ በእርጥብ ጥጥ ጠቅልሎ በብርጭቆ ያስቀመጠ ልጅ፣ ከቀናት በኋላ ከቅጠሉ በፊት ሥሩ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። ወላጅ አጠገቡ ተቀምጦ «ለምን ይመስልሃል?» ቢለው ይበቃል።

አንባቢያን መልስ ያጡላቸውን የልጆቻቸውን ጥያቄዎች እንዲልኩ ዝግጅት ክፍሉ ይጠይቃል።