በሰው ስም የሚገዛ ተራራ

ባለፈው ወር ለአሠሪዬ ከሩቅ አገር አንድ የማስታወቂያ ጽሑፍ ደረሰ። በነጋዴ ቤት በጸሐፊነት ማገልገል ከጀመርሁ ከሃያ ዓመት በላይ ስለ ሆነኝ እንዲህ ያለው ወረቀት አያስደንቀኝም፤ አብዛኛውን አንብቤ ወደ ጎን አኖረዋለሁ። ይህኛውን ግን ልተወው አልቻልሁም። አሠሪዬ ሥዕሉን ደጋግመው ከተመለከቱ በኋላ፣ «ሌላው ሳይቀድመን ብንገባበት ምን ይመስልሃል?» ብለው ጠይቀውኛልና። ለእርሳቸው የሰጠሁትን መልስ ከእርሳቸው ፈቃድ አግኝቼ ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶኛል፤ ተመሳሳይ ወረቀት ለሌሎችም ነጋድያን ሳይደርስ እንደማይቀር እገምታለሁ።

ጽሑፉ የሚያስታውቀው በኢንዶኔዥያ ግዛት በፍሎሬስ ደሴት ተራራ ላይ ስላለ መሬት ነው። በሽፋኑ ላይ ጣራቸው ሾጥጦ እስከ መሬት የወረደ ሰባት የሣር ቤቶች ጉም በሸፈነው ተራራ ሥር ሆነው አንድ ሜዳ ከብበው ይታያሉ። መንደሩ ዋኤ ሬቦ ይባላል። የውስጡን ገጽ ስገልጥ ግን ለሽያጭ የቀረበው መሬት ከዚህ መንደር እጅግ የራቀ፣ ወደ ባሕሩ ወደብ ወደ ላቡዋን ባጆ የቀረበ ሌላ ኮረብታ ሆኖ አገኘሁት። ሥዕሉ የአንዱ፣ መሬቱ የሌላው ነው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ስለ መንደሩም ስለ አገሩም የመሬት ሕግ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ።

ዋኤ ሬቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። እስከ ቤቶቹ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለውም፤ እንግዳው ዴንጌ ከሚባለው የታችኛው መንደር አልፎ በጫካ ውስጥ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። ቤቶቹ በማንጋራይ ሕዝብ ቋንቋ «ምባሩ ኒያንግ» ይባላሉ። እያንዳንዱ ቤት አምስት ደርብ አለው፤ በታችኛው ብዙ ቤተሰብ በአንድነት ይኖርበታል፣ ከዚያ በላይ ያለው የምግብና የዕቃ ማኖሪያ ነው፣ ሦስተኛው ለዘር፣ አራተኛው ለክፉ ቀን ለሚቀመጥ እህል፣ የመጨረሻውም ለአባቶች መንፈስ ለሚቀርብ መሥዋዕት ነው። ዘርን ከዕለት ቀለብ፣ የዕለት ቀለብን ከድርቅ ስንቅ በደርብ ለይቶ የሚያኖር ቤት ሳነብ፣ ስንት የንግድ ቤት ትርፉንና ዋናውን በአንድ ሣጥን ቀላቅሎ እንደ ከሰረ ትዝ አለኝ። ይህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሰባቱ ቤቶች የቀሩት አራት ብቻ ነበሩ። ከጃካርታ የመጡ የሕንፃ ባለሙያዎችና በጎ አድራጊዎች ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተባብረው፣ ሽማግሌዎቹ ዕውቀቱን ለወጣቶቹ እያስተማሩ ሰባቱም ቤቶች እንደ ጥንቱ ቆሙ። ስለዚህም ሥራ በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ ለእስያና ለፓስፊክ አገሮች ቅርስ ጥበቃ የሚሰጠውን ከፍተኛ ሽልማት ሰጣቸው። ዛሬ እንግዳ ሲመጣ አስቀድሞ ወደ ዋናው ቤት ይገባል፤ ሽማግሌው ስለ መምጣቱ ለአባቶች ተናግረው ፈቃድ ሳይጠይቁለት ፎቶግራፍ እንኳ አያነሣም። ቀጥሎ የተወሰነውን ዋጋ ይከፍላል፤ ከሌሎች እንግዶች ጋር በምንጣፍ ላይ ያድራል። ዋጋው የሚሰበሰበው ለማኅበሩ ነው። በእርግጥ ሁሉ ነገር የተሟላ አይደለም፤ ልጆቹ ለትምህርት ኮምቦ ወደምትባለው የታችኛዋ መንደር መውረድ ግድ ሆኖባቸዋል። ነገር ግን እንግዳውን የሚያስተናግደው ራሱ ባለቤቱ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ዋና መተዳደሪያ ቡና ነው። ዓረቢካ የሚባለው ቡና ከእኛ ደጋ ጫካ ተነሥቶ፣ በየመንና በሕንድ የማላባር ጠረፍ በኩል አልፎ፣ በኔዘርላንድ ነጋድያን እጅ ጃቫ የገባው በ1696 ዓ.ም. ነበር፤ የመጀመሪያው ችግኝ በጎርፍ ስለ ጠፋ በ1699 ዓ.ም. እንደ ገና ተወሰደ። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ቡና ነጋዴ ይህን ተራራ ፈጽሞ ባዕድ አድርጎ ሊያየው አይችልም። የአሠሪዬም ልብ የተሳበው ከዚሁ የተነሣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሽያጩ ልመለስ። ወረቀቱ «ሙሉ የርስት መብት» ይላል። የኢንዶኔዥያ የመሬት ሕግ በ1960 ዓ.ም. በቁጥር 5 የወጣው ሲሆን፣ በ21ኛው አንቀጽ ሙሉ የርስት መብት ለአገሩ ዜጋ ብቻ እንዲሆን ይወስናል። 26ኛው አንቀጽ ከዚህ ይጠነክራል፤ ይህን መብት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ለውጭ አገር ሰው ለማስተላለፍ የሚደረግ ውል ሁሉ ፈራሽ ነው፣ መሬቱም ለመንግሥት ይሆናል፣ ገዢው የከፈለውም ገንዘብ አይመለስለትም። ታዲያ ሻጮቹ ምን ዘዴ አገኙ? መሬቱ በአንድ የአገሩ ተወላጅ ስም ይመዘገባል። ገዢው ለዚህ ሰው ገንዘብ እንዳበደረ የሚገልጽ ውል፣ የረጅም ዘመን ኪራይ ውልና የማይሻር ውክልና ይሰጠዋል። አራትና አምስት ወረቀት ተደራርቦ አንድ የርስት ካርታ ያህላል ተብሎ ይታሰባል። ሕጉ ግን «በተዘዋዋሪ» ያለው ለዚሁ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለምን?

አንድ ወዳጃችን ይህን ሰምተው፣ «በባሊ ስንቱ ፈረንጅ እንዲህ አድርጎ ቪላ ሠርቶ ይኖራል» ሲሉ ተከራከሩኝ። ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በስሙ የተመዘገበለት ሰው በሞተ ቀን፣ ወይም ከሚስቱ በተፋታ ቀን፣ ወይም መሬቱ ዋጋ አውጥቶ ልጆቹ በነቁ ቀን ገዢው የሚቆመው በየትኛው ፍርድ ቤት ነው? ራሱ ፈራሽ የሆነ ውል ይዞ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ሰው በራሱ ላይ መስካሪ ነው። የዚያ የአገር ተወላጅስ ነገር? ብዙ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ ስሙን ያከራየ ድኻ ነው፤ ሕግ የተጣሰበትን ወረቀት የሚፈርመው እርሱ ነው።

ከዚህም ሌላ በማንጋራይ አገር መሬት ሁሉ የአንድ ሰው አይደለም። «ሊንግኮ» የሚባለው የማኅበር እርሻ ከመካከሉ ከተተከለው ምሰሶ ጀምሮ እንደ ሸረሪት ድር ወደ ውጭ ይከፈላል፤ ለየቤተሰቡ የሚያካፍለውም «ቱአ ቴኖ» የተባለው የመሬት አለቃ ነው። የ1960ው ሕግም በ3ኛው አንቀጽ የማኅበረሰብን ልማዳዊ የመሬት መብት፣ ከአገሩ ጥቅምና ከሕጉ ጋር እስከ ተስማማ ድረስ፣ ያውቀዋል። መንግሥት ላቡዋን ባጆን በ2019 ዓ.ም. ቅድሚያ ከሚሰጣቸው አምስት የቱሪስት ቦታዎች አንዷ ካደረጋት ወዲህ የመሬት ፈላጊው ዐይን ወደዚያ ሆኗል። እንግዲህ አንዱ ወንድም የሸጠውን ሌላው ዘመድ «የጋራችን ነው» ቢል ሊያስገርም አይገባም። መሬት አይሸጥም አይለወጥም በሚል ሕገ መንግሥት ሥር የምንኖር እኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ለአሠሪዬ «አይግቡበት» ብዬ ብቻ አልተውሁም። ሕጋዊው በር ክፍት ነው። በ2021 ዓ.ም. በወጣው ቁጥር 18 የመንግሥት ደንብ መሠረት በአገሩ የሚኖር የውጭ ሰው የመጠቀም መብት በስሙ ሊያገኝ ይችላል፤ ዘመኑም 30 ዓመት ሆኖ በ20 ይራዘማል፣ ከዚያም ለ30 ይታደሳል። በአገሩ ሕግ የተቋቋመ የውጭ ካፒታል ኩባንያም የግንባታ መብት ያገኛል። በግልጽ የተጻፈ ኪራይም አለ። እነዚህ ሁሉ ከ«ርስት» ያነሱ ናቸው፤ ነገር ግን የባለመብቱ ስም በወረቀቱ ላይ የራሱ ነው። ቁጥሩን ይዞ ወደ አገሩ የመሬት መሥሪያ ቤት ሄዶ ማስመርመር ይቻላል። (ስለ ውጭ ምንዛሪ ፈቃድ እዚህ አላነሣም፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚሻለው ተራራውን ትቶ ተራራውን የሚጎበኘውን ሰው ማሰብ ነው፤ የዋኤ ሬቦ ሰዎች ያሳዩንም ይህንኑ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ሳይሸጡ ከዓለም ዙሪያ እንግዳ ይቀበላሉ።

አሠሪዬ ነገሩን በዝምታ ከሰሙ በኋላ ለሻጮቹ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የካርታውን ቁጥርና በካርታው ላይ የተጻፈውን ስም። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ቁጥርም ስምም የለበትም፤ ሰባቱን ቤቶች ፀሐይ ስትወጣ የሚያሳይ ሌላ ትልቅ ሥዕል ተያይዞበታል፣ ዋጋውም እስከ ወሩ መጨረሻ በመቶ ዐሥር ተቀንሷል። አሠሪዬ ሥዕሉን አሳትመው ከጽሕፈት ጠረጴዛዬ በላይ አሰቀሉት። የሚገቡ ደንበኞች ሁሉ የዶርዜ ቤት ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።