ሳይቃጠል በቅጠል

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር በሊኑክስ የሚሠራ ነው። ባለፈው ክረምት ሀርድ ዲስኩ ተበላሽቶ የነፍስ ኄር አያቴ ፎቶግራፎች ሁሉ ጠፉብን። ታይምሺፍት የሚባለውን ፕሮግራም ጭኜ ስለ ነበር ተማምኜ ተቀምጫለሁ፤ ነገር ግን እርሱ ካልታዘዘ በቀር የሚጠብቀው የኮምፒዩተሩን ሥርዓት እንጂ የግል ፋይሎችን አይደለም። ያውም ቅጂውን ያኖርሁት በዚያው ዲስክ ላይ ነበር።

እንደ እኔ አስተያየት ለቤት የሚሻለው አርሲንክ ነው። ይኸውም መጀመሪያ ሁሉን፣ ከዚያ በኋላ ግን የተለወጠውን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ስለሚገለብጥ ጊዜ ይቆጥባል። በኢንተርኔት ማኖር ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ዳሩ ግን ለዚያ ሁሉ ፎቶግራፍ የዳታው ዋጋ ከዓለም ከተማ ተማሪ ኪስ በላይ ነው።

ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብራና መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም ሲነሡ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል። እኛም ገልብጠን ስንጨርስ ዲስኩን ነቅለን በዘመድ ቤት እናኑረው፤ ፋይሉ መከፈቱንም አልፎ አልፎ እንፈትን። ዲስክ ከገበያ ይገዛል፤ አያቴ ግን ዳግመኛ ፎቶግራፍ አይነሡም።