ቤት ስንለቅ መስመሩንም እንልቀቅ



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ውኃ፣ ስለ ቆሻሻና ስለ ጥበቃ ደመወዝ ደጋግመን ጽፈናል። ዛሬ የምናነሣው ግን እስከ ዛሬ ያላነሣነውን የቤት ኢንተርኔት መስመር ጉዳይ ነው። «ይሄ ደግሞ የማኅበር ሥራ ነው እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኔም ራሴ እንደዚያ ነበር የምለው። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ባለፈው ወር አራተኛው ብሎክ ላይ የደረሰው ነገር ነው።

አንዲት እናት ሁለት ልጆቻቸውን ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተው ገቡ። ትልቋ ልጅ ቀን ትማራለች፤ ማታ ማታ በኮምፒውተር የጽሑፍ ሥራ እየሠራች የቤት ኪራዩን ግማሽ የምትሸፍነው እሷ ናት። በቀድሞ ቤታቸው የነበረው መስመር ወደዚህ እንዲዛወርላቸው አመለከቱ። ሠራተኞቹም መጡ፤ የብሎኩን ሳጥን ከፍተው አዩና «ሞልቷል» ብለው ተመለሱ። ሳጥኑ ስምንት መሰኪያ ያለው ነው። ስምንቱም ተይዟል።

ነገሩ ስላልዋጠልኝ ከጥበቃው ጋር ሆኜ በር በር እያንኳኳሁ ጠየቅሁ። በብሎኩ ውስጥ መስመር አለን ያሉኝ አምስት ቤቶች ብቻ ሆኑ። ሦስቱስ የማን ናቸው? ለካ የሄዱ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ከሁለት ዓመት በፊት ነው ዕቃውን ጭኖ የሄደው። ሳይዘጉት ስለሄዱ ሰውየው የለም፣ መሰኪያው ግን እስከ ዛሬ በስሙ ተይዞ ተቀምጧል። ልጅቱ ሥራዋን በሞባይል ካርድ ልትገፋው ሞከረች። ካርዱ የምታገኘውን ይበላባት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

እንግዲህ ክፉ ሰው አላደረገባትም። ማንም ጎረቤቱን ልጉዳ ብሎ መስመር ትቶ አይሄድም። ችግሩ አለማወቅ ነው። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቁጥራችን በኪሳችን አብሮን ስለሚዞር፣ የቤቱም መስመር እንደዚያው ተከትሎን የሚመጣ ይመስለናል። አይመጣም። የቤት መስመር ከቤቱ ጋር የታሰረ ነው። ፋይበር የሚባለው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስተዋት ክር ሲሆን በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ነው። ከዋናው ጣቢያ የመጣው ክር መንገድ ላይ ይከፋፈልና በየብሎኩ ሳጥን ይደርሳል፤ ከሳጥኑ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ክር ይወጣል። ሳጥኑ ባለ ስምንት ከሆነ ዘጠነኛ ቤት አይገባበትም፤ ሌላ ሳጥን እስኪጨመር ወይም አንዱ እስኪለቅ ድረስ መጠበቅ ነው።

የድሮው የመዳብ ሽቦ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እሱ በስልኩ ሽቦ የሚመጣ ስለሆነ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ኃይሉ ይደክማል። ከጣቢያው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ ቤት ብዙም አይረባም። ስለዚህ መሐል ከተማ ጥሩ ይሠራልኝ የነበረው እዚህ ለምን ደከመ ብሎ ማኩረፍ ትርፍ የለውም። በመዳብ የነበረ ሰው ወደ ፋይበር ሲዛወር አሮጌው ሞደም እንደማያገለግለውም ይወቅ። አንድ ጎረቤታችን አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልለው እንደ ዕንቁላል አቅፈው አምጥተውት ነበር፤ ምን ይደረግ።

ሳይዘጉ መሄድ የሚጎዳው ተረኛውን ብቻ አይደለም። መስመር በስም ነው የሚያዝ። አንዲት እኅታችን ከዚህ ግቢ ሲለቁ «ተጠቀሙበት፣ እናንተው ክፈሉ» ብለው ለተከተላቸው ተከራይ በቃል ትተውለት ሄዱ። ተከራዩ ጥቂት ወር ከፈለ፤ ከዚያ ተወው። እሳቸው በአዲሱ ሰፈራቸው መስመር ሊያስገቡ ሲሄዱ ያልተጠቀሙበት ዕዳ በስማቸው ቆሞ ጠበቃቸው። ከፈሉ እንጂ ምን ያደርጋሉ። ዕዳው ደግሞ ቀላሉ ነው። በስማችሁ በተመዘገበ መስመር ሌላ ሰው አጉል ነገር ቢሠራበት መጀመሪያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ለሚቀረው ሰው መስጠት ከፈለጋችሁ ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱና ስሙን አዛውሩ። አድራሻ ማዛወርና ስም ማዛወር የተለያየ ጉዳይ መሆኑንም ለይታችሁ ጠይቁ፤ ሰልፍ ይዞ ከዋሉ በኋላ የመጡበት ጉዳይ ሌላ ሆኖ መገኘት ያናድዳል።

ከዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት መደበቅ አይገባም። በጥር ወር አንድ አባወራ ሁሉንም ነገር በደንቡ ጨርሰው፣ ሠራተኞቹ ገመድና መሰላል ይዘው በራችን ላይ ደርሰው ነበር። የጣሪያው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ሄጃለሁ። ጥበቃው «ያለ ጸሐፊው አልከፍትም» አለ፤ እንዲያ ያዘዝነው እኛው ነን። ሠራተኞቹ ሄዱ፤ አባወራው እንደገና ተራ ሲጠብቁ ሌላ ሦስት ሳምንት አለፈባቸው። ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በሰሌዳውም እደግመዋለሁ።

የግድግዳው ነገርም አለ። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ጣሪያው የጋራ ነው። ገመድ ማሳለፍ ግድ ቢሆንም እንደፈለጉ መብሳት አይቻልም። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት በመስኮት ተወርውሮ የተዘረጋ ገመድ የልብስ ማስጫ ሆኖ አይተናል። ፋይበር ጎበጥ ብሎ ቢታጠፍ ብርሃኑ ይፈስበታል፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ሲሰጣበት ደግሞ መበጠሱ አይቀርም። ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ብልጭ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑ አልደረሰም ማለት ስለሆነ፣ ልጆቹን ከመቆጣት በፊት ገመዱን ተከትሎ ማየት ነው። አከራዮችም ብትሆኑ ተከራይ መስመር ላስገባ ሲል አትከልክሉ። ግድግዳው ላይ የምትቀረው ቀዳዳ ጣት አታህልም፤ ለቀጣዩም ተከራይ ትጠቅማለች።

የምትዛወሩ ሰዎች ቤቱን ከመዋዋላችሁ በፊት ጎረቤቱን «እዚህ መስመር ይገባል ወይ? ሳጥኑ ቦታ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አከራይ አለ ቢልም ሳጥኑ ዘንድ ሄዶ ማየት ይሻላል። ማመልከቻውን ዕቃ የሚጫንበት ቀን አታድርሱት፤ የቤት ውሉን፣ መታወቂያውንና የመስመሩን ቁጥር ይዛችሁ ቀደም ብላችሁ አመልክቱ። ዕዳ ካለ አስቀድማችሁ አጽዱ፤ ቴሌ ብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለክፍያ የግድ መሰለፍ የለም። አመልካቹ በሌላ አገር ያለ ልጃችሁ ወይም ወንድማችሁ ከሆነ፣ መስመሩ በስሙ ስለሆነ ውክልና እንደሚያስፈልግ ቀድማችሁ አረጋግጡ። በየክፍለ ከተማው በልማት ምክንያት ተነሥተው ወደኛ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ከፍርስራሽ መሐል የመስመር ቁጥር ፈልጎ ማግኘት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ከነሱ ሰምተናል። ቁጥሩን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከቤት ውላችሁ ጋር አስቀምጡት።

ኮሚቴው ባለፈው እሑድ ተሰብስቦ የወሰነው ይኸው ነው። የሚለቅ ነዋሪ መሸኛ ሲጠይቅ የኢንተርኔት መስመሩን መዝጋቱን ወይም ማዛወሩን እንጠይቀዋለን። አላደረገም ተብሎ መሸኛው አይያዝበትም፤ ግን ስሙና የሚገኝበት ስልክ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በአራተኛው ብሎክ የነበሩትን ሦስት ሰዎች እየደወልን ነው። አንደኛው ተገኝተው እንደሚያዘጉ ቃል ሰጥተዋል፤ ሁለቱን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አገናኙን። የጣሪያው ቁልፍ ሁለተኛ ኮፒ ተቀርጾ ከጥበቃው ቤት ተሰቅሏል፤ የመጣው ሠራተኛ መታወቂያው ታይቶ፣ ስሙ ተጽፎ ይከፈትለታል። መዝገቡ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እኔ ዘንድ፣ በሌላው ቀን ጥበቃው ዘንድ ይገኛል።

የማኅበሩ ጸሐፊ